ሳይታጠቡ ይምጡ

ዶክተሩ በመጀመሪያ በቃላቸው አጥንተው የያዙት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር «እግርዎን ሳይታጠቡ ይምጡ» የሚል ነበር። ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ከሚመረመረው ሰው ፊት ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ይችን ቃል ሳያዛንፉ ይናገሯት ነበር። ሰውም ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እሺ ጌታዬ» ይላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን እሺ ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ፈትጎ አጥቦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ እያብለጨለጨ ይመጣል።

ስለዚያ ሥራ እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼ አላውቅም። የምደብቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ያየሁትን ምን ብዬ እንደምጠራው ስላላወቅሁ ነው። አሁንም ዐውቄው አይደለም የምጽፈው። ዕድሜ ሲገፋ ሰው የገባውን ብቻ ሳይሆን ያልገባውንም አስቀምጦ መሄድ ያለበት መሰለኝ።

ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩበት ነበር፤ ጥቂት መቅረቱን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔ ከቅኔ ቤት ወደ አስኳላ ተሻግሬ፣ በቢቸና በመምህርነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ሲፈለግ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስጠራኝና ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም አስተርጓሚ እንድሆን አዘዘኝ። አንድ ሰሞን በቢቸና፣ አንድ ሰሞን በሞጣ እየተመላለስን እንድንሠራ ነበር ዕቅዱ።

ሐኪሙ የመጡት ሊያክሙ አልነበረም። ይህን ነገር ለሕዝቡ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ ክፍል ነው። የመጡት ሊያጠኑ ነው፤ የሚያጠኑትም እኛ ዝሆኔ የምንለውን፣ እግርን ከጣት ጀምሮ እስከ ባት እያሳበጠ፣ ቆዳን እንደ ዛፍ ቅርፊት እያሻከረ የሚሄደውን በሽታ ነው። በሌላ አገር በትንኝ ከሚተላለፍ ትል እንደሚመጣ ነገሩኝ። በእኛ ሰው ደም ውስጥ ግን ትሉን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት፤ አገሩም ትንኝ የማይበዛበት ደጋ ነው። ስለዚህ ዓይናቸው ወደ መሬቱ ዞረ። በባዶ እግሩ ከሚሄድ ሰው ጣቶች መሐል፣ ከተረከዙም ስንጥቅ፣ አፈሩን በቀጭን ማንኪያ ጭረው በብልቃጥ ያኖሩታል። ሰውየው ከሚያርሰው ማሳም ሌላ ብልቃጥ ይሞላሉ። ከዚያ የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ በሜትር ይለካሉ። ይኸው ነው። ክኒን የለም፤ መርፌ የለም።

በመሬት ልኬት ሰበብ በአውራጃችን ተነሥቶ የነበረው ሁከት ገና ከሰው አፍ አልጠፋም ነበር። አፈር በብልቃጥ ሲሞላ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። አንድ ቀን በቢቸና ገበያ አንድ ጎልማሳ፣ እኔ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«በገመድ አልሆን ሲላቸው በጠርሙስ መጡ!» አለ።

አጠገቡ የቆመው ባልንጀራው ደግሞ «ተዋቸው እባክህ። ከእኔ ማሳ ድንጋዩን ጭምር ቢወስዱልኝ መርቄ እሸኛቸዋለሁ» አለውና ተሳሳቁ።

ይሁን እንጂ ከብልቃጡ ይልቅ ያስቸገረን የእግሩ ነገር ነበር። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፤ የቤቱ ሰው ዝቅ ብሎ፣ ውሃ በገበቴ ይዞ ያጥበዋል። ማጠብም መታጠብም ክብር ነው። ጭቃ ያለበትን እግር አንሥቶ ለተከበረ ሰው እጅ መስጠት ግን አንድም ሰው አስቦት የሚያውቅ ነገር አይደለም። የታመመ እግር ሲሆንማ ይብሳል። ለዓመታት በጋቢ ጫፍ ሲሸፍኑት የኖሩትን እግር ገልጠው ሊያሳዩ ከቈረጡ ዘንድ፣ ቢያንስ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያሹታል፤ ቅቤ ይቀቡታል። ጾም ሲገባ በቅቤው ፈንታ የኑግ ዘይት ሆነ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

ከሞጣ ዙሪያ መንደሮች የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለቱም እግሮቻቸው ያበጡ፣ በአካባቢው በዳኝነት የሚቀመጡ፣ ጨዋታ የሚወዱ። አንድ ቀን ዶክተሩ የሽማግሌውን ንጹሕ እግር አይተው ማንኪያቸውን ከጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። እኔም ወደ ሽማግሌው ዞርሁ።

«አባቴ፣ ሳይታጠቡ ይምጡ ተብለው ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ ይህን የመሰለ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እግሬን በእጁ ሊይዝ፣ እኔ ጭቃ ላስይዘው? ምን በድሎኝ?»

«የሚፈልጉት እኮ አፈሩን ነው።»

«አፈር ከፈለገ አገሩ ሙሉ አፈር ነው። ከእኔ ጣት መሐል ምን ያስለቅመዋል?»

ይህን ተርጉሜ ስነግራቸው ዶክተሩ አልሳቁም። ያን ዕለት አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ሰውን ሳይታሰብ ከቤቱ ሄዶ ማግኘት። ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ብቻ ሳይሆን፣ ባሰኛቸው ሰዓት በላንድሮቨር ወይም በበቅሎ ከሰው ደጅ ከተፍ ማለት ጀመሩ። ይህም አልጠቀመም። የመኪናው አቧራ ከሩቅ ሲታይ ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ይሮጣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። ለእኔ ግን ሥራው ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ታላቅ እህቴ ሞጣ ነበረች።

ከቢቸና እስከ ሞጣ የተዳረችው በወጉ ነው፤ ትውልድ ተቈጥሮ፣ ዝምድና የማይገኝበት ቤት ተፈልጎ። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግራ እግሯን ያቃጥላት፣ ያሳክካትም ጀመር። ከዚያ የእግሯ ላይኛው ገጽ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። በቀሚሷ ጠርዝ ስትሸፍነው ቈየች። በመጨረሻ ያዩባት አማቷ ናቸው።

አማቷ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤቱን በራሳቸው ብርታት ያቆሙ ሴት ነበሩ። ለጋብቻ የደረሰች ልጅም ነበረቻቸው። ዝሆኔ አለበት ወደሚባል ቤት ደግሞ ሽማግሌ አይላክም፤ ሕመሙ በዘር ይወርዳል ተብሎ ይታመናልና። የአባቴ አክስት በዚህ ሕመም ሲሠቃዩ ኖረው መሞታቸውን እህቴ ስትታጭ ያነሣ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። አሁን ግን ወሬው ሞጣ ደረሰ። ነገሩ ለሽማግሌዎች ተነገረና ለደብረ ዘይት ማግስት ቀጠሮ ተያዘ። ሕመሙ ከዘር ከሆነ እህቴ ወደ ቢቸና ትመለሳለች፤ ልጆቿ እዚያው ከአባታቸው ቤት ይቀራሉ። ከመሬት ከሆነ ግን የማንም ጥፋት አይደለምና በቤቷ ትኖራለች። ባሏ ይወዳት ነበር፤ ከእናቱና ከሽማግሌ ቃል ግን አይወጣም።

ሞጣ በደረስሁ ጊዜ አማቷ ከደጃፋቸው አስቀምጠው አነጋገሩኝ።

«አንተ የተማርህ ነህ» አሉኝ። «ለእህትህ አላዳላም፤ ለቤቴም አላዳላም። ሐኪምህን አንዲት ነገር ጠይቅልኝ። ከዘር ነው ወይስ ከመሬት? የተናገሩትን እቀበላለሁ።»

«እመት፣ እሳቸውም የመጡት ይህንኑ ሊያጠኑ ነው።»

«ሊያጠኑ? ሳያውቁ ነው እንዴ ሐኪም የሆኑት?»

እኔም በልቤ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። በቅኔ ቤት ያላወቀ ሰው ወንበር አይዘረጋም፤ ያወቀ ይናገራል፣ ያላወቀ ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። አሁን ግን ከሁላችንም በላይ የተማረው ሰው ከሁላችንም በላይ «አላውቅም» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ወደ ቢቸና ስንመለስ በመንገድ ላይ ጥያቄውን አቀረብሁላቸው፤ የማን ጥያቄ እንደ ሆነ ግን አልነገርኋቸውም።

«አላውቅም» አሉ። «በአንድ ቤት ብዙ በሽተኛ አያለሁ። ዘር ነው እንዳልል፣ ያ ቤተሰብ የሚረግጠው አንድ መሬት ነው። መሬት ነው እንዳልል፣ በዚያው መሬት ጤነኛ ጎረቤት አለ።»

እኔም ስለ ርስት ነገርኋቸው። በእኛ አገር ሰው መሬት የሚያገኘው ከአንድ አባት በመወለዱ እንደ ሆነ፣ ስለዚህም በአንድ ተዳፋት ላይ የሚያርሱት ሁሉ የአጎትና የአክስት ልጆች እንደ ሆኑ አስረዳሁ። እየነዱ ሳለ መሪውን በመዳፋቸው መቱት።

«እንግዲያ ዘራችሁንና መሬታችሁን አንድ ላይ ሰፍታችሁታል! ማን ነው ይህን የሚተረትረው? ከተወለደበት መሬት ወጥቶ በሌላ መሬት የሚኖር በሽተኛ ያስፈልገኛል።»

እንዲህ ያለ ሰው በአገራችን ያገባች ሴት ናት። አንዷን ዐውቃታለሁ፤ ስሟንም ልጠራው እችል ነበር። አልጠራሁትም። እህቴ የዘርና የመሬት ማከራከሪያ ሆና ከሕዝብ ፊት እንድትቀመጥ መወሰን የእኔ አልመሰለኝም። መወሰን የነበረባት እሷ ናት፤ እሷም ወሰነች።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሞጣ ስንሄድ ጤና ጣቢያው አጥር አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ቅኔ ቤት ከነበርሁበት ጊዜ ጀምሮ ተሜ እያለች ነበር የምትጠራኝ።

«ተሜ፣ ሰውየው እግር እያየ ነው አሉ። እኔን ለምን አልጠራኸኝም?»

«እታለም፣ ሰው ሁሉ ያይሻል።»

«አሁን የማያየኝ አለ? ምን አድርጊ ነው የሚለው?»

«ሳትታጠቢ ነይ ነው የሚሉት። ማንም ግን አይሰማቸውም፤ ሁሉም ታጥቦ ነው የሚመጣው። አንቺም ታጠቢና ነይ። አይቈጡሽም።»

«ቍጣ አይደለም የፈራሁት። ያ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከአፈሩ ነው አይደል?»

«እንዲያ ይላሉ።»

«እንግዲያ ከነእግሬ ይውሰደው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን እግሯን ውሃ አላስነካችውም። ለምርመራው ዕለት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን በቀጠሮና በቀጠሮ መካከልም፣ አፈሩ እንዳይጐድልባት፣ አላጠበችውም። በገበያ ቀን ያበጠ እግሯን ከነጭቃው እየጐተተች፣ በሰው መሐል ተሻግራ ትመጣለች። ከመንገዱ ዳር የቆሙ ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያዩአታል።

«የማን ቤት ምራት ናት?» ትላለች አንዷ።

«የእነ እገሌ። ጕድጓዳቸው ደርቆ ነው መሰል።»

«ጕድጓዱስ አልደረቀም፤ ዓይኗ ነው የደረቀው።»

ይህ ሁሉ አማቷ ጆሮ ይደርሳል። «በቁሜ ቤቴን አዋረደችው» እያሉ አለቀሱ፤ እሷ ግን አትመልስም። ዶክተሩ ግን እግሯን ባዩ ጊዜ በቋንቋቸው «በመጨረሻ!» ብለው ጮኹ። ከጣቶቿ መሐል ቀዩን አፈር ጭረው ብልቃጡን እስከ አፉ ሞሉት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝና «ምን አገኘ?» አለች። «አፈር» አልኋት። «ይህንንማ እኔም ይዤው ነው የመጣሁ» አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እስከ ዛሬ ያልገባኝ፤ ወይም ገብቶኝ ያላመንሁት።

የሌሎቹ እግር መቅጠን ጀመረ። መጀመሪያ ዶክተሩ ራሳቸው የተሳሳቱ መሰላቸው። ሜትሩን ጣሉትና ሌላ አመጡ። ከዚያ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ የመጣውን፣ በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያጥበውን ድሬሰር፣ አለካክህ ላልቷል ብለው ተቈጡት። እሱም ተቈጥቶ፣ «እንግዲያ እርስዎ ይለኩ!» አላቸው። ለኩ። ያው ነው። ያ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ ከእንግዲህ ከዘራ ሳልይዝ እሄዳለሁ እያሉ ያስቁ ጀመር። የአንዲት መበለት ለዓመታት ሲያዥ የኖረ እግር ደረቀ። ዶክተሩ ሰውን ለክተው ከሸኙ በኋላ ባዶውን አግዳሚ ወንበር እያዩ ይቀመጣሉ።

«እኔ ምንም አላደረግሁም» አሉኝ አንድ ከሰዓት በኋላ። «ምንም! ዐየሁ እንጂ። አንተ የአገሩ ሰው ነህ፤ ምን እያደረጋችሁብኝ ነው?»

ሕዝቡ ግን አልተቸገረም። የሐኪሙ እጅ የተባረከ ነው ተባለ፤ የዳሰሰው እግር ይሟሽሻል ተባለ። ከግንደወይን ድረስ በቃሬዛ የሚመጣ ሰው በዛ። እሳቸው «አላክምም፣ አላክምም» እያሉ በተሰባበረ አማርኛ ሲለምኑ፣ ሰዉ ይህን ትሕትና ነው ብሎ ይበልጥ ያከብራቸዋል።

የእህቴ እግር ብቻ አበጠ። ሜትሩ በእሷ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ከፊተኛው ቍጥር ያልፋል። ዶክተሩ የዳሰሱት ሁሉ ሲቀልለው እሷን እምቢ ያለበት ምክንያት ለሰው ግልጽ ነበር። ከዘር ነው ተባለ። የመሬት የሆነው በእጃቸው በረከት ወጣ፤ የዘር የሆነው ግን ከአጥንት ስለሆነ አይወጣም። ይህ አባባል ከየት እንደ ተነሣ አላውቅም፤ የፍርዱ ቀን ሳይደርስ ግን ፍርድ ሆኖ በየቤቱ ገባ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ጀምሬ ነበር። የአባቴ አክስት እግር ይታየኝ ነበርና የራሴን እግር ከጫማዬ አውጥቼ መመልከት ልማድ አደረግሁ።

የደብረ ዘይት ማግስት ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው ያ እግራቸው የቀለላቸው ሽማግሌ አንዱ ነበሩ። ዶክተሩ እንዲመጡ ለምኜአቸው ነበር፤ ያልጨረስሁትን ነገር ሰው ፊት አልናገርም ብለው ሲያንገራግሩ ቈይተው መጡ። ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ መጥተው ነበር፤ ባለውለታቸው የሚናገረውን ለመስማት።

አማቷ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ።

«አባቶቼ፣ ይችን ልጅ እጠላታለሁ የሚለኝ ካለ ይፈረድብኝ። ሁለት የልጅ ልጆች ወልዳልኛለች። ነገር ግን የዚህ ሰው እጅ ያረፈበት ሁሉ ሲድን አየን። እሷን ብቻ እምቢ አላት። ይህ ከዘር ካልሆነ ከምን ነው? እኔስ የምድራት ልጅ የለችኝም? ፍረዱኝ።»

አለቃ ሆነው የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ከዘር ነው ወይስ ከመሬት ብለው ጠየቁ። ተረጐምሁ። ዶክተሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣

«አላውቅም በላቸው» አሉኝ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «አላውቅም ለማለት ነው ባሕር የተሻገረው? ይህንንማ እኛም እዚሁ ሆነን እንለዋለን!» አለ። ሳቅ ሆነ። በዚያ ሳቅ መሐል እህቴ ተነሣች።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር እንድጠይቅ ይፈቀድልኝ።»

«ጠይቂ።»

«ከዚህ ካላችሁት፣ ሐኪሙ ዘንድ እግሩን ሳይታጠብ የሄደ ማን ነው?»

ሁሉም የታዘዘውን ያውቃል፤ ሁሉም እሺ ጌታዬ ብሎ ነበር። ዓይኑን ከመሬት የሚያነሣ አልነበረም። እህቴ ወደ ጨዋታ ወዳዱ ሽማግሌ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎስ?»

«እኔ? ሳልታጠብ? ምን ሆኜ!»

«የሚሄዱ ዕለት ብቻ ነው የሚታጠቡት?»

«የምን የሚሄዱ ዕለት ነው! ይህ ሰው መቼ ከተፍ እንደሚል ይታወቃል? ጧትም ማታም ነው እንጂ። ባለቤቴ ውሃ በመቅዳት ወገቧ ተቈረጠ።»

«ይሄ ሐኪም ከመምጣቱ በፊት እንዲህ ጧት ማታ በእንዶድ የታጠቡበት ጊዜ ነበር?»

ሽማግሌው አሰቡ። «የሠርጌ ለት» አሉ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ በአንዱ ላይ መመስከር ጀመረ፤ እገሌ ሚስቱን አስነሥቶ ያሳሽ ነበር፣ እገሊት ለራሷ ጠጕር ያላትን ቅቤ በእግሯ ጨረሰችው እየተባባለ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

«እኔ አልታጠብሁም» አለች። «መልስ ይገኝ እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ ሁሉ ሰው እሱን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ታጥቤ እንዲህ እንደ እናንተ ካልቀለለኝ ያን ጊዜ ከዘር ነው በሉኝ። ልጆቼን ያን ጊዜ ቀሙኝ።»

ዶክተሩ ክንዴን ይዘው «ምን አሳቃቸው? ምን አለች?» አሉኝ። ነገርኋቸው። በመጀመሪያ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቍጣ ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ የሞሉአቸው ብልቃጦች ምን ያህል ከንቱ እንደ ነበሩ ገብቷቸው ይሆናል። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ከሽማግሌው እግር ሥር በርከክ አሉ። ቀጥሎ ወደ እህቴ ሄዱ፤ ተመለሱም፤ ደግመው ሄዱ። የሚናገሩት ለራሳቸው ነበር።

አለቃው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያ አሁን ገለጠላቸው? ከመሬት ነው ይላሉ?»

ዶክተሩ ቀና አሉ። «ሊሆን ይችላል» አሉ። «ግን ይህ ማስረጃ አይደለም። አላውቅም።»

ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቃል። እህቴም ትጠብቃለች። «ግን» የምትለዋን ቃል ብቻ ብተዋት ነገሩ ባለቀ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከዋርካው ሥር አልነበረም። እንዳሉት፣ ከነ«ግን»ዋ ተረጐምሁት። ለምን እንዳደረግሁት ዛሬም አላውቅም። ለእውነት አድልቼ ነው ብል ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል፤ ምናልባት የተማርሁት ሌላ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነገሩ ሳይፈረድ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቀጠረ፤ እስከዚያም እንደ ሌላው ሰው ትታጠብ ተባለ። አማቷ ግን አልተቀመጡም።

«መለኪያው የእኔ ይሁን» አሉ። ይዘውት ከመጡት እንዝርት አንድ ፈትል በጠሱ። ከሰው ሁሉ ፊት ተንበርክከው በእህቴ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ አዙረው፣ ጫፉ ዞሮ በደረሰበት ላይ ለምልክት ቋጠሩ። ፈትሉን አውጥተው ከነጠላቸው ጫፍ አሰሩት።

ዶክተሩ ለትንሣኤ አልቈዩም። የተፈቀደላቸው ጊዜ አልቆ ነበር። ሲሄዱ ሣጥናቸውን አብሬ ጫንሁ። የእህቴን እግር አፈር የያዘውን ብልቃጥ ከሌሎቹ ለይተው በኪሳቸው ያዙት፤ የቀሩትን ምን እንዳደረጓቸው አላየሁም። ሊጽፉልኝ ቃል ገቡ፤ ጥቂት ቈይቶም ዘመኑ ተለወጠና ማን ለማን እንደሚጽፍ የማይታወቅበት ሆነ። የዚያ ሁሉ ሰው መታጠብ ከጥናቱ መበላሸት ተቈጠረ ወይስ ከጥናቱ ፍሬ፣ አላወቅሁም። ጭራሽ አንድ ሰው እሺ ብሎ ባለመስማቱ የዳነበት፣ ሌላው በመስማቱ የባሰበት ነገር በየትኛው ወገን እንደሚጻፍ አላውቅም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚያውቁ ሰዎች ሲናገሩ እንደ ሰማሁት፣ ሕመሙ ከቀዩ አፈር ነው፤ ዕለት ዕለት በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ያግደዋል። ይህን ስሰማ እፎይ ልል ነበር። ቀጥለው ግን፣ አፈሩን እየረገጠ የሚታመመውና የማይታመመው የሚለየው በዘር ነው አሉ። እንግዲህ አማቷም አልተሳሳቱም፤ እህቴም አልተሳሳተችም። ዶክተሩም አላውቅም ሲሉ አልዋሹም። ከዋርካው ሥር ይህን የሚናገር ሰው ተገኝቶ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ምን ይፈርዱ እንደ ነበር አስባለሁ፤ አስቤም አንድ መልስ ላይ አልደርስም።

ለዚያው ዓመት ትንሣኤ ሞጣ ወረድሁ። ከደጃፉ ስደርስ እህቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እግሯ ከገበቴው ውስጥ ነበር። የምታጥባት አማቷ ነበሩ፤ እጅጌአቸውን ሰብስበው፣ የእንዶዱ ዐረፋ እስከ ክርናቸው ደርሶ።

«ተሜ፣ አየህ? እንግዳ ሆኛለሁ» አለችኝ እህቴ።

«ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ» አሏት አማቷ።

እግሯን በጨርቅ አደረቁ፤ በጣቶቿ መሐል ሳይቀር። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ያንን ፈትል አወጡ። በቁርጭምጭሚቷ አዞሩት። የቀድሞው ቋጠሮ ከእግሯ ተርፎ ተንጠለጠለ፤ ከእሱ ወዲህ ሌላ ቋጠሮ ነበረ፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ። አዲስ ቋጠሩና ፈትሉን በመዳፌ ላይ አኖሩት።

«ይኸው። አንተ አንብበው።»

አየሁት። ጥቂት ቋጠሮ ያለበት፣ ከመታሸት ብዛት የጠቈረ ክር ነው።

«ከዘር ነው ይላል ከመሬት?» አሉኝ።

«ይህን አይልም፣ እመት።»

«እኔም አልጠየቅሁት» አሉ፤ ፈትሉንም ከመዳፌ ወስደው መልሰው አሰሩት። የዳግማይ ትንሣኤውን ቀጠሮ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ውሃውን ወደ ደጅ ደፉና ገበቴውን ደግፈው አቆሙት።

«ከቢቸና ስትመለስ እንዶድ አምጣልኝ» አሉኝ። «የኛ እያለቀ ነው።»